ስለ አረጋውያን ምግብና ስለ ሰውነታቸው ጽናት

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለመሬቶች የቀረበ ማስረጃ

አዝመራ በገባ ጊዜ እያንዳንዱ ሹም በግዛቱ ስንት ኩንታል እህል እንደ ተሰበሰበ መጠየቁና ማስመዝገቡ የተለመደ ነው። መዝገቡ ሲሞላም ሕዝቡ የሚበላውን አገኘ ተብሎ ይታሰባል። ዳሩ ግን ጎተራው ሞልቶ ሳለ፥ በዚያው ቤት ከምድጃው አጠገብ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ከቀን ወደ ቀን እየደከሙ ሊሄዱ ይችላሉ። ጠያቂ ሲመጣ «እርጅና ነው» ይባላል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እርጅና ከሚባለው ድካም ከፊሉ የዕድሜ ብቻ አለመሆኑን፥ ይልቁንም ከማዕድ የጎደለ ምግብና ከእጅ የተወሰደ ሥራ ያመጣው መሆኑን ማስረዳት ነው። ይህም ጉድለት ከእርሻው፥ ከጓሮውና ከበረቱ ሊታረም የሚችል ስለ ሆነ፥ ለሐኪም ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የሽማግሌ መድከም የአንድ ቤት ሐዘን ብቻ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ድንበር ሲፈርስ ምስክር የሚሆኑት፥ የተጣላውን የሚያስታርቁት፥ የትኛው መሬት ለየትኛው ዘር እንዲስማማ የሚያውቁት፥ ወላጆች ወደ እርሻ ሲወጡ ሕፃናትን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። አንድ አዛውንት ወድቀው ጭናቸው ቢሰበር፥ አስታማሚ የሚሆን አንድ ጉልበተኛ ሰው ከእርሻው ይቀራል፤ ለሕክምናውም ወጪ በሬ ወይም ላም እስከ መሸጥ ይደረሳል። ስለዚህ የአረጋውያን ጽናት የአገር ሀብት ክፍል ነው።

ቍጥራቸውም እየበዛ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በዓለም ላይ 60 ዓመት የሞላቸውና ከዚያም በላይ የሆናቸው ሰዎች 1 ቢሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2050 ዓ.ም. ከ2 ቢሊዮን በላይ እንደሚሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። የተባበሩት መንግሥታትም ከ2021 እስከ 2030 ዓ.ም. ያሉትን ዓመታት በጤና የማርጀት ዐሥርት ብሎ ሰይሟቸዋል። በአገራችን ግን ስለ ምግብና ስለ ጤና ትልልቅ ጥናቶች ሲደረጉ በይበልጥ የሚመዘኑትና የሚለኩት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌው ከሚዛኑ ውጭ ይቀራል፤ ያልተለካ ጉዳትም አይታይም፤ ያልታየም አይታረምም።

ሚዛን ስለማይናገረው ነገር

የሰው አካል በሚዛን ሲመዘን አንድ ቍጥር ብቻ ይወጣል። በዚያ ቍጥር ውስጥ ግን አጥንት አለ፤ ጡንቻ አለ፤ ስብ አለ፤ ውሃም አለ። ሰው 30 ዓመት ካለፈ በኋላ ጡንቻው በየ10 ዓመቱ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ 60 ዓመት ካለፈ ወዲህ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። ብዙ ጊዜም በጎደለው ጡንቻ ፈንታ ስብ ይተካል። ስለዚህ አንድ ሰው በ40 ዓመቱ 60 ኪሎ፥ በ70 ዓመቱም 60 ኪሎ ቢመዝን፥ አካሉ አልተለወጠም ማለት አይደለም። ሚዛኑ አንድ ነው፤ ሰውየው ግን ያ ሰው አይደለም።

በሬ የሚገዛ ገበሬ ይህንን ነገር አስቀድሞ ያውቀዋል። በሬውን ከሩቅ አይቶ ብቻ አይገዛም፤ ሻኛውንና ታፋውን ዳብሶ፥ አስነሥቶ፥ አስሂዶ ነው እንጂ። ምክንያቱም ምንድን ነው ቢሉ፥ የሚያርሰው ጡንቻው እንጂ የሆዱ ስፋት ስላልሆነ ነው።

ይህን የጡንቻ መሟሸሽ ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. «ሳርኮፔንያ» ብለው ሰየሙት። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው የሥጋ ማጣት ማለት ነው። ጡንቻም ለመሸከምና ለመራመድ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሰው ሲታመም ሰውነቱ ቍስልን ለመጠገንና በሽታን ለመከላከል የሚያስፈልገውን ፕሮቲን የሚበደረው ከጡንቻው ነው፤ ከምግብ የተገኘውን ስኳርም በብዛት የሚያቃጥለው ጡንቻ ነው። ስለዚህ ጡንቻው ያለቀበት ሽማግሌ ጎተራው ባዶ ሆኖ ክረምት እንደ ገባበት ገበሬ ነው፤ ትንሽ ሕመም ትጥለዋለች። በከተማ ደግሞ ምቾት የበዛለት ሰው ወፍሮ እየታየ ጡንቻው ሊያልቅ፥ በዚህም ላይ የስኳር በሽታ ሊጨመርበት ይችላል።

ሽማግሌ ጥቂት የሚበላ ሆኖ ሳለ የተሻለ ምግብ የሚያስፈልገው ስለ ምንድን ነው

ሰው ሲያረጅ ሥራው ስለሚቀንስ የሚፈልገው የምግብ ብዛት ይቀንሳል። ዳሩ ግን የሚፈልገው ፕሮቲን፥ ማዕድንና ቪታሚን አይቀንስም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይጨምራል። የምግብ ፍላጎቱና የውሃ ጥማቱ ይደክማሉ። ጥርሱ ስለሚረግፍ ሥጋውን፥ ቆሎውንና ጎመኑን ትቶ መረቅ በነካው ፍትፍት ብቻ ይውላል። የጨጓራው አሲድ በማነሱም የገባውን ምግብ ሁሉ እንደ ጎልማሳ አይጠቀምበትም። ቆዳውም ከፀሐይ ቪታሚን ዲ የመሥራት ኀይሉ ከወጣቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። እንግዲህ በጥቂት ጉርሻ ውስጥ ብዙ ጥቅም መግባት አለበት ማለት ነው። ሆድን የሚሞላ ሁሉ ሰውነትን አያጸናም።

ስለ ፕሮቲን

ለጎልማሳ በየቀኑ ለ1 ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃል ተብሎ ቆይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ይህንኑ የመረመሩ የብዙ አገር ሊቃውንት ግን ለአረጋውያን ከ1 እስከ 1.2 ግራም እንዲሆን መክረዋል። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ ባልቴት ይህ ከ50 እስከ 60 ግራም ነው።

ይህም በገበታ ላይ ምን ያህል እንደ ሆነ እንመልከት። ከ200 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ከ20 እስከ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። አንድ ትልቅ እፍኝ፥ ይኸውም 60 ግራም ያህል የምስር ክክ ወይም የባቄላ ክክ ወደ 14 ግራም ያህል ይጨምራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፥ አንድ ኩባያ ወተት 8 ግራም አላቸው። ሲደመር 50 ግራም ያህል ይሆናል። እንግዲህ ጉድለቱን የሚሞላው ሌላ እንጀራ መጨመር አይደለም፤ ያች አንዲት እፍኝ ክክ፥ ያ አንድ እንቁላልና ያ አንድ ኩባያ ወተት ናቸው። በጾም ቀን ወተቱና እንቁላሉ ሲቀሩ የክኩ ወይም የሽሮው መጠን እጥፍ ሊሆን ይገባል። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። እንሰት በሚበላበት አገር ደግሞ ቆጮ ጉልበት ቢሰጥም ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ባቄላ፥ ቦሎቄ፥ አይብ ወይም ወተት ከቆጮው ጋር ለሽማግሌው መቅረቡ ግዴታ መሆን አለበት።

ስለ ቪታሚን ቢ12

ይህ ቪታሚን ለደምና ለነርቭ የሚያገለግል ሲሆን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ከሚመጣ ምግብ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከጉበት፥ ከሥጋ፥ ከዓሣ፥ ከእንቁላልና ከወተት ነው። በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ሁለት ኩባያ ወተትና አንድ እንቁላል ይህን ያህል ይሰጣሉ። ጉድለቱ ሲጸና ደም ያንሳል፤ እግር ይደነዝዛል፤ አካሄድ ይወላገዳል፤ ማስታወስም ይደክማል። ሰው ይህን ሁሉ ጃጅቷል ሲል ይተረጕመዋል። በጊዜው ከታወቀ ግን በመርፌ ወይም በክኒን የሚታረም ነው። በነርቭ ላይ ለብዙ ጊዜ ከቆየ ግን የተጎዳው ሁሉ ላይመለስ ይችላል። ሚኖት፥ መርፊና ዊፕል የተባሉት ሦስት ሐኪሞች በጉበት የሚደረገውን የደም ማነስ ሕክምና ስለ ገለጡ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል፤ ከጉበቱ ውስጥ ይሠራ የነበረው ነገር ቪታሚን ቢ12 መሆኑ ግን ተለይቶ የታወቀው በ1948 ዓ.ም. ነው።

በዕድሜ ከገፉት መካከል ከመቶ ከ10 እስከ 30 እጅ የሚሆኑት የጨጓራቸው አሲድ ስለሚያንስ ይህን ቪታሚን ከምግብ ለይተው ማውጣት ይሳናቸዋል። በአገራችን ደግሞ ጾምን አጥብቀው የሚጾሙት ብዙ ጊዜ አረጋውያን ናቸው። ሰውነት ቪታሚኑን በጉበት ውስጥ ለዓመታት ማኖር ስለሚችል ጾም ብቻውን ፈጥኖ ጉዳት አያመጣም። አስጊ የሚሆነው በፍስክ ቀንም ወተቱ ወደ ገበያ፥ እንቁላሉም ወደ ሱቅ ሲሄድና ለሽማግሌው ምንም ሳይቀር ሲውል ነው። ስለዚህ በፍስክ ቀናት የአረጋውያን ድርሻ አስቀድሞ ይቀመጥ፤ የታመሙትና እጅግ የደከሙት ደግሞ የነፍስ አባታቸውንና ሐኪምን ያማክሩ። በጣና፥ በባቱና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ላሉት ዓሣ መልካም ምንጭ ነው።

ስለ ፀሐይ፥ ስለ ቪታሚን ዲና ስለ አጥንት

አጥንት በካልሲየም ይገነባል፤ ካልሲየምም ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ እንዲገባ ቪታሚን ዲ ያስፈልጋል። ቪታሚን ዲ ከምግብ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ብዙውን የሚሠራው ፀሐይ ያገኘው ቆዳ ነው። «አገራችን የፀሐይ አገር ስለ ሆነች ይህ አያሳስበንም» የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ከቤት የማይወጣ፥ ቢወጣም ከራሱ እስከ እግሩ የተሸፈነ ሰው በፀሐይ አገር እየኖረ የፀሐይ ድኻ ይሆናል። ጥቁር ቆዳም ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

በዚህ ላይ መታረም ያለበት አንድ ልማድ አለ። ብዙ ሰው ለጤና የምትጠቅመው ገና ስትወጣ ያለችው የማለዳ ፀሐይ ናት ብሎ ያምናል። የማለዳ ፀሐይ ሰውነትን ታሞቃለች፤ ቪታሚን ዲን የሚያሠራው ጨረር ግን በዚያ ሰዓት ደካማ ነው። የሚሻለው የሰው ጥላ ከቁመቱ ሲያጥር፥ ይኸውም ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ክንድንና እግርን ገልጦ ለጥቂት ጊዜ መቀመጥ፥ ቆዳ ሳይቃጠልም ወደ ጥላ መመለስ ይበቃል።

ካልሲየም ከወተትና ከእርጎ፥ እንዲሁም ከጤፍ ይገኛል። ከቅጠላ ቅጠል መካከል የአበሻ ጎመን ከቆስጣ ይበልጣል፤ ቆስጣ ካልሲየም ቢኖረውም፥ በውስጡ ያለ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚይዘው ሰውነት ጥቂቱን ብቻ ይወስዳል። 50 ዓመት ያለፋቸው ሴቶችና 70 ዓመት ያለፋቸው ወንዶች በቀን እስከ 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም እንዲያገኙ በአሜሪካ ያሉ ሊቃውንት በ2011 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) መክረዋል።

ስለ ብረትና ስለ ደም

ጤፍ ብዙ ብረት አለው መባሉ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ሆኖም በከብት እግር በአውድማ ላይ በተወቃ ጤፍ ላይ ከሚገኘው ብረት ብዙው ከአፈር የገባ ስለ ሆነ፥ ሰውነት በጥቂቱ ብቻ ይጠቀምበታል። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባለው ነገርም ብረትንና ዚንክን አስሮ ይይዛል። ይህን እስራት የሚፈታው የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ ሊጡን ማቡካት፥ ጥራጥሬውን መዘፍዘፍ፥ ማብቀልም ፋይቴቱን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሊጡን በወጉ ሳያቦኩ ቸኩሎ መጋገር ጥቅምን ማጥፋት ነው።

ከምግቡ ጋር ጥሬ ቃሪያ፥ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨመር የብረቱ መግባት ይበዛል። ቡናና ሻይ ግን ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ለአረጋውያን ቡናው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢቀርብ ይመረጣል። ነገር ግን የሽማግሌ ደም ማነስ ሁሉ ከምግብ ነው ተብሎ መታሰብ የለበትም። የመንጠቆ ትል፥ የጨጓራ ቍስል፥ ወይም በውስጥ የተሰወረ የመድማት ሕመም ሊሆን ስለሚችል፥ ሳይመረመሩ የብረት ክኒን መዋጥ አይገባም።

ስለ አፈር፥ ስለ ዚንክና ስለ ሴሌኒየም

እዚህ ላይ ነገሩ በቀጥታ ወደ እርሻ ይመጣል። ዚንክ ቍስልን ያድናል፤ በሽታን የመከላከል ኀይልን ያጠነክራል፤ የምላስንም ጣዕም ይጠብቃል። ዚንክ የጎደለው ሽማግሌ ምግቡ አልጣፍጥ ስለሚለው ይተወዋል፤ በተወውም መጠን ጉድለቱ ይብስበታል። ሴሌኒየም ደግሞ አካልን ከውስጥ ብልሽት ይጠብቃል፤ የእንቅርት ዕጢም ሥራውን እንዲሠራ ይረዳል።

እህል እነዚህን ማዕድናት የሚያገኘው ከአፈሩ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያና በማላዊ ከየማሳው የተሰበሰበ እህል ተመርምሮ፥ የዚንኩና የሴሌኒየሙ መጠን ከቦታ ቦታ እጅግ የተለያየ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ የምንማረው፥ አንድ ዓይነት እንጀራ የሚበሉ ሁለት ሽማግሎች እህሉ በበቀለበት ቦታ ምክንያት የተለያየ ጥቅም ሊያገኙ መቻላቸውን ነው። ከራሱ ማሳ ብቻ የሚበላ ሰው ደግሞ የማሳው ጉድለት የሰውነቱ ጉድለት ይሆናል።

ይህ ግን ሊታረም የሚችል ነው። ቱርክ በመካከለኛው አናቶልያ አፈሯ ዚንክ እንደ ጎደለው በተረዳች ጊዜ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ዚንክ ያለበት ማዳበሪያ በሰፊው ተጠቅማ የስንዴውን ምርትም ጥራትም አሻሽላለች። ፊንላንድም በ1984 ዓ.ም. በማዳበሪያ ላይ ሴሌኒየም እንዲጨመር ወስና በሕዝቧ ደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ አድርጋለች። በአገራችንም የአፈር ምርመራና ዚንክ ያለበት ማዳበሪያ የተጀመረ ነገር ስለ ሆነ፥ የወረዳ ሹም ማዳበሪያ ሲያስመጣ የኩንታሉን ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ለወረዳው አፈር የሚስማማውን ዓይነት መጠየቅ ይገባዋል።

ስለ ጨውም አንድ ቃል እንጨምር። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ መሠረት ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን ሊኖረው ግድ ነው። አዮዲን ያነሰው ሰው የእንቅርት ዕጢው ይደክምና ሰውነቱ ይዝላል። ይህን ጨው በተከደነ ዕቃ ማኖርና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አዮዲኑን ከመትነን ያድነዋል። ሆኖም አዛውንቶች ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ስላለባቸው ጨው ሊበዛባቸው አይገባም።

ያለ ሥራ ምግብ ብቻውን አይበቃም

በአገራችን ልጅ አባቱን ሲያከብር «አባቴ፥ እርስዎ ይረፉ» ብሎ ዶማውን ከእጁ ይቀበላል። አሳቡ የፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳት ነው። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻልና።

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፥ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ያህል የሆነ ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት ማንሣት ሲለማመዱ፥ የእግራቸው ኀይል በአማካይ ከመቶ 174 እጅ መጨመሩን አሳየ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ 100 ደካማ አረጋውያን በአራት ተከፍለው ለ10 ሳምንት ተፈተኑ፤ የተለማመዱት ኀይላቸው ከመቶ 113 እጅ ሲጨምር፥ ተጨማሪ ምግብ ብቻ የተሰጣቸው ግን ምንም ያህል ኀይል አልጨመሩም። ይህ ማለት ምግብ አይረባም ማለት አይደለም፤ ምግብ የግንብ ድንጋይ ነው፤ ሥራ ግን ግንበኛው ነው። ድንጋዩ ቢከመር ግንበኛ ከሌለ ቤት አይቆምም።

ስለዚህ አዛውንቱ እንደ አቅማቸው ጓሮ ይኰትኵቱ፤ ጥቂት ውሃ ይቅዱ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ሸንጎ በእግራቸው ይሂዱ። ከወንበር መነሣትና መቀመጥን በቀን ደጋግመው ቢለማመዱም መልካም ነው። ማክበር ማለት ከባዱን ሥራ ማቅለል ነው እንጂ ሥራን ሁሉ መከልከል አይደለም።

ጉዳቱ እንዴት ይታወቃል

ይህን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ወንበር፥ የልብስ ሰፊ ሜትርና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ።

1ኛ. ሰውየው ቁመቱ እስከ ጉልበት በሚደርስ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ እጆቹን በደረቱ አጣምሮ 5 ጊዜ ይነሣና ይቀመጥ። ከ15 ሴኮንድ በላይ ከፈጀበት የጡንቻ ድካም ምልክት ነው።

2ኛ. 4 ሜትር መንገድ በወትሮ አካሄዱ ይሂድ። 5 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደበት አካሄዱ ዝግ ብሏል።

3ኛ. የባቱ ወፍራሙ ክፍል በሜትር ይለካ። ከ31 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሥጋው ጐድሏል ተብሎ ይጠረጠራል።

4ኛ. ሳያስበው በ6 ወር ውስጥ ከመቶ 5 እጅ ክብደት የቀነሰ፥ ይኸውም ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ የጐደለው ሰው፥ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላልና።

ከሹማምንትና ከባለመሬቶች የሚጠበቀው

1ኛ. በየቀበሌው ያሉ አረጋውያን፥ በተለይም ጧሪ የሌላቸው፥ ስማቸው ይመዝገብ፤ ከላይ የተነገረው ፈተናም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባሉበት በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረግ። በሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥራ መሥራት ለማይችሉ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ መዝገቡ ማን እንደ ተረሳ ያሳያል።

2ኛ. ድጋፉ በእህል ሲሰጥ ስንዴ ወይም በቆሎ ብቻ እንዳይሆን፤ ጥራጥሬ ይጨመርበት።

3ኛ. በእያንዳንዱ ጓሮ ጎመን፥ ቃሪያ፥ ካሮት፥ ዱባና ውስጡ ብርቱካን መልክ ያለው ስኳር ድንች እንዲተከል ይመከር፤ በቆላውም ሽፈራው የተባለው ዛፍ ይተከል፤ ቅጠሉ ለምግብ ይሆናልና።

4ኛ. ለችግረኛ አዛውንት ከሁሉ የሚሻለው ስጦታ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች ናቸው። ባለመሬት የሆነ ሰው ይህን ቢያደርግ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን የየሳምንቱ ነው።

5ኛ. ጥርስ ለሌላቸው ምግቡ ይለዝብ እንጂ አይቅጠን። ከባቄላና ከገብስ ዱቄት የተሠራ ገንፎ፥ በወተት የተበጠበጠ አጥሚት፥ በደንብ የበሰለ ክክ፥ አይብና እርጎ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ውሃም ባይጠሙ በየጊዜው ይቅረብላቸው።

ስለ ክኒን የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ

ይህን ያነበበ ሁሉ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጦ ቪታሚን እንዲገዛ አንመክርም። በአሜሪካ ከ25,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት፥ ቪታሚን ዲ በየቀኑ መዋጥ ጉድለቱ ሳይረጋገጥባቸው ለተሰጣቸው ሰዎች የአጥንት ስብራትን እንዳልቀነሰ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. አስታውቋል። በአውስትራልያም በ2010 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፥ በዓመት አንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ቪታሚን ዲ የተሰጣቸው ባልቴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግመው መውደቃቸውንና መሰበራቸውን ገልጧል። ፎሊክ አሲድ የተባለው ክኒንም ደሙን አሻሽሎ የቢ12ን ጉድለት ይሰውርና፥ የነርቩ ጉዳት በስውር እንዲቀጥል ሊያደርግ ይችላል። ክኒን ለጎደለው መድኃኒት ነው፤ መጉደሉን የሚያውቀው ግን መርማሪው ነው።

መደምደሚያ

የአገራችን ሰው ልጅ ሲወልድ «ጧሪ ቀባሪ አገኘሁ» ይላል። ከሁለቱ መቅበሩን አሳምረን እንሠራዋለን፤ ድንኳን ይተከላል፤ በሬ ይታረዳል፤ ዘመድ ከሩቅ ይጠራል። መጦሩ ግን አንዳንድ ጊዜ በፍትፍትና በጋቢ ብቻ ይቀራል። ለተዝካር ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂቱ አስቀድሞ ለእንቁላል፥ ለወተትና ለክክ ቢውል፥ ብዙ አዛውንት በራሳቸው እግር ቆመው ዓመታትን በጨመሩ ነበር። በየግዛታችሁ ያላችሁ አስተዳዳሪዎች፥ ሹማምንትና ባለመሬቶች ሆይ፥ የሚቀጥለው አዝመራ ሲገባ ጎተራውን ስትጐበኙ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡትንም አስነሥታችሁ አስሂዱ። 5 ጊዜ ከወንበር መነሣት የተሳናቸው ካሉ፥ የዚያ ቤት እህል ገና በቂ አይደለም ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ የሚቻለው ሁሉ አሁን ይደረግ።